ማንም ሳይነካው የተወጠረ ሽቦ

የሲስተር ውድነሽን ሞት የሰማሁት አየር ጤና፣ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ መሰላል ላይ ወጥቼ ካሜራ ስሰቅል ነው። ስልኬ ደጋግሞ ሲጮህ መሰርሰሪያውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው አነሳሁት። ሳንሱሲ የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ነበሩ። «ከማል፣ እህቴ አረፈች» አሉኝ። «ለከማል ቶሎ ንገሩት ብላ ነበር» አሉ። ሌላ መልእክት አልነበረም። ሲስተር እንዲህ ነበሩ፤ ሊነገር የሚገባው ነገር ሳይዘገይ ይነገር ባይ ናቸው፣ የራሳቸውም ሞት ቢሆን።

ከመሰላሉ ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የፋርማሲው ባለቤት ውኃ አመጣችልኝና፣ «ዘመድህ ናቸው?» አለችኝ። አዎ ማለትም አይደለም ማለትም ከበደኝ። ሲስተር ከጎጃም የመጡ፣ ጾም የማይገድፉ ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ የስልጤ ሙስሊሞች ነን። ግን በልጅነቴ የተወጋሁትን መርፌ ሁሉ የወጉኝ እሳቸው ናቸው። ኮልፌ፣ በእኛ ሰፈር፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው እሳቸው ዘንድ ነበር። የማንም ልጅ ይሁን፣ በሩን ከፍተው «አስገቡት» ይሉ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም የሚራመዱት በሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው፣ ፈጠን ብለው፣ ጫማቸው ድምፅ ሳያሰማ። ሰላም ሲሉ መዳፍ አይጨብጡም፤ አንጓ ነው የሚይዙት። ሁለት ጣታቸውን የደም ሥርህ ላይ አሳርፈው፣ ስለ እናትህ ጤና እየጠየቁህ፣ የልብህን ምት ያዳምጣሉ። ከዚያ «እንቅልፍ አጥተሃል» ወይም «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው?» ይሉሃል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ። ልክ ባልሆኑ ጊዜ ደግሞ የዋሸኸው አንተ ነህ።

ስለ ሥራ ዘመናቸው ብዙ አያወሩም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ሲሉ ሰምቻለሁ። «የሚጮህ በሽተኛ አስፈርቶኝ አያውቅም። ለመጮህ አቅም አለው። እኔ ሄጄ የማየው ዝም ያለውን ነው።»

ግቢያቸው ከገበያው ወረድ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ከፊት እሳቸው የሚኖሩበት ቤት፣ ከኋላ የድንጋዩን አጥር ተደግፈው የተሠሩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች። ክፍሎቹን ብርቱካን የምትባል ልብስ ሰፊ ከባሏና ከመንታ ልጆቿ ጋር ተከራይታ ትኖርባቸዋለች። ከአጥሩ ማዶ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ ነበር። ያ ቦታ በበጋው መጨረሻ በቆርቆሮ ታጠረ። ፎቅ ሊሠራበት ነው ተባለ፤ ኤክስካቫተር ገባና ቁፋሮ ተጀመረ።

ቁፋሮው ሲጀመር በሰፈሩ የማይታወቅ ሰው በዛ። የሲስተር የውኃ ቆጣሪ በጠራራ ፀሐይ ተፈትቶ ተወሰደ። ያኔ ነው ነጠላቸውን አጣፍተው አየር ጤና፣ ሱቄ ድረስ የመጡት።

ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የሌባውን ፊት ያሳያል?» ሲስተር እሱን አልጠየቁኝም። ናሙና አድርጌ ያስቀመጥኩትን ስክሪን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ምንም ነገር በማይኖርበት ጊዜ ይህ ሳጥን ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ ነው የሚቀዳው» አልኳቸው። «ማንም ከሌለ ያርፋል። እንደዚያ ሲሆን ሃርድ ዲስኩ ቶሎ አይሞላም።»

«ያርፋል?»

«አዎ፣ ሲስተር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስደርገው።»

«እኔ ዕድሜዬን በተረኝነት ነው የጨረስኩት፣ ከማል። በሽተኛው አልተገላበጠም ብዬ ተኝቼ አላውቅም። ሳያርፍ ይቅዳ።»

ሳያርፍ ከቀዳ ዲስኩ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ የድሮውን እየሰረዘ በላዩ ላይ አዲሱን ይጽፋል። ይህን አስረዳኋቸው። አንዱን ከፈለጉ ሌላውን መተው እንዳለባቸውም ነገርኳቸው፤ ምስሉ ጥርት ያለ ይሁን፣ ወይስ እንቅስቃሴው የሚፈስ፣ ወይስ ብዙ ቀን ወደ ኋላ የሚቆይ? በዝርዝር ጠየቁኝ። በሰከንድ የሚነሳውን ምስል ብንቀንሰው ምን ይሆናል? ሰው ሲራመድ ይቆራረጣል፣ አልኳቸው። «ይቆራረጥ። ሩጫ የማይበት ጉዳይ የለኝም። ጥራቱን ግን እንዳትነካው።» ስለዚህ የምስሉን ብዛት ዝቅ፣ ጥራቱን ከፍ አደረግኩ። ቪዲዮውን አጥብቆ የሚጠቀልለውን አዲሱን ፎርማት መረጥኩና በገበያው ያለውን ትልቁን ዲስክ ከተትኩበት። ወራት ወደ ኋላ መያዝ ይችል ነበር።

«ድምፅም ይቅዳ» አሉ በመጨረሻ።

«ድምፅ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሰው ፊቱን ይሸፍናል። ሳሉን መሸፈን አይችልም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። ሰው ሳያውቅ ድምፁን መቅዳት ነውር ነው ብለው፣ ካርቶን ላይ በትልልቁ «ይህ ግቢ ካሜራ አለው፤ ድምፅም ይሰማል» ብለው ጻፉና በፌስታል ሸፍነው በራቸው ላይ አንጠለጠሉት። ብርቱካን ሳቀች። «ሲስተር፣ ሌባ ሊያነብልዎት ነው?» ስትላቸው፣ «ለሌባ አይደለም የጻፍኩት» አሏት።

አንዱን ካሜራ ከዋናው ቤት ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ አዙሬ ሰቀልኩት። ብርቱካን ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ ከቤቱ ግድግዳ ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ላይ ከተቀበረ ብረት ጋር ታስሯል። መሐሉ ረገብ ብሎ ወደ መሬት ዘንበል ያለ ነበር። ከሽቦው በታች ሁለቱ ክፍሎች፣ ከክፍሎቹ በላይ የአጥሩ ጫፍ፣ ከአጥሩ በላይ ሰማይ። ካሜራው በየቀኑ የሚያየው ይህን ነው።

ሲስተር ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠዋት ጠዋት እየተቀመጡ ያለፈውን ቀን አፍጥነው ያዩ ነበር። ሰፈሩ ማማት ጀመረ። ብቸኝነት ነው፣ እርጅና ነው ተባለ። እኔም አንዳንዴ ሳልፍ ጎራ ስል ያንን ባዶ ግቢ አፍጥጠው ሲያዩ እያገኘኋቸው እፈራ ነበር። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ ወጥታ ትጠልቃለች፣ ጥላው ይዞራል፣ መንትዮቹ እንደ ወፍ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ሌላ ምንም የለም።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ደወሉልኝና፣ «ና፣ እየኝ» ብለው ዘጉ። የታመሙ መስሎኝ ሱቁን ቆልፌ ሄድኩ። አልታመሙም። ስክሪኑ ፊት አስቀመጡኝ።

«ሽቦውን ተመልከት። ይሄ ካሜራውን የሰቀልክ ሰሞን ነው።» ሽቦው መሐሉ ረግቦ ይታያል። «ይሄ ደግሞ ትናንት።»

ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ብሎ ተወጥሯል።

«ብርቱካን አጥብቃው ይሆናል» አልኩ።

«ጠይቄያታለሁ። አልነካችውም። ባሏም አልነካውም። ደግሞ ገመድ አይደለም፣ ዝናብ ያኮማተረው እንዳትለኝ። ብረት ነው።» ምስሉን ከመጀመሪያው ጀምረው አፈጠኑት። በዓይኔ አየሁት። ማንም ሳይነካው፣ ከቀን ወደ ቀን፣ ሽቦው ቀስ እያለ ይቃና ነበር። «ቤቴ አልተንቀሳቀሰም» አሉ ሲስተር። «የሚሄደው አጥሩ ነው። ወደ ጉድጓዱ እየሄደ ነው።»

አብረን ወጣን። አጥሩን ስታየው ምንም የለበትም። ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ ምንም አይልም። ሲስተር ወደ እሱ ተጠግተው መዳፋቸውን አሳረፉበትና፣ ልክ የሰው ግንባር እንደሚነኩ፣ ጥቂት ቆዩ። ከማዶ የቁፋሮው ድምፅ ይሰማል። መሬቱ ከእግራችን በታች ሲርገበገብ ተሰማኝ። ወይም የተሰማኝ መሰለኝ።

ያን ዕለት ብርቱካንን ጠርተው፣ «ዕቃሽን ሰብስቢ፣ እኔ ሳሎን ግቢ» አሏት።

«ሲስተር፣ አራት ነፍስ ይዤ እንዴት ሳሎንዎ እገባለሁ? የስፌት ማሽኑስ?»

«ማሽኑም ይግባ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ውድነሽ አበደች ይላል። እያለም ነው። ግቢ።»

ገቡ። ሲስተር ግን በዚያ አላበቁም። የሚመለከተው ቢሮ ሄደው አመለከቱ። እኔ እንዳሳየኋቸው ቪዲዮውን ራሳቸው ከሳጥኑ ላይ ወደ ፍላሽ ገልብጠው ነበር የሄዱት። ሳጥኑ ግን ካልታዘዘ በቀር የሚገለብጠው በራሱ ፎርማት ነው፤ የቢሮው ኮምፒዩተር ሊከፍተው አልቻለም። «ባዶ ነው፣ እናቴ» ተብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ የተናደዱትን ያህል ተናደው አይቻቸው አላውቅም። በማን እንደሚናደዱ ግን አላወቁም። «ባዶ ነው አለኝ። በእጄ ይዤው ባዶ ነው አለኝ!» ቪዲዮውን በማንኛውም ስልክ ላይ ወደሚከፈተው ኤምፒ ፎር ቀየርኩላቸው። ሁለቱንም ምስል፣ የረገበውንና የተወጠረውን፣ በአንድ ወረቀት ላይ አሳተምኩ። እስከዚያ ድረስ ዝናቡ አላቆመም።

በመሐሉ የግንባታውን ፎርማን ወደ ግቢያቸው ጠሩት። ደረጀ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ጉንጩ ጎደጎድ ያለ፣ ቢጫ ሄልሜቱን ከራሱ የማያወልቅ ሰው። ግቢው ውስጥ ከሽቦው ሥር ቆመው ወረቀቱን ሰጡት። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ብዙ ቆየ እያየው። ይከራከራል ብዬ ነበር። አልተከራከረም።

«እኔም አይቻለሁ፣ ሲስተር» አለ። «ድጋፍ ይደረግለት ብዬ ተናግሬያለሁ። አንዴ አይደለም። መጀመሪያ ኮንክሪቱን ሙላ ነው የተባልኩት። ክረምቱ ሳይወጣ መሠረቱ ማለቅ አለበት አሉ።»

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

«ብተወው ነገ ሌላ ፎርማን ይመጣል። እሱ ደግሞ ግንቡን ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ቢያንስ እያየሁት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሜን ግን እንዳያነሱብኝ። ልጆች አሉኝ።»

«አላነሳም» አሉት። አንጓውን ይዘው ነበር። ሲሄድ በዓይናቸው ሸኙትና፣ «ልቡ እየሮጠ ነው» አሉኝ።

አደጋው የደረሰው ነሐሴ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ጠዋቱን ሲጥል የነበረው ዝናብ አባርቶ ነበር። የታተመውን ወረቀት ይዘን ወደ ቢሮው ልንመለስ ስለነበር ሳሎናቸው ውስጥ ጫማቸውን እስኪያጠልቁ እጠብቃለሁ። ብርቱካን ማሽኗ ላይ ናት፣ መንትዮቹ ምንጣፉ ላይ። ስክሪኑ እንደተለመደው ባዶውን ግቢ ያሳያል።

ሽቦው ተበጠሰ። ድምፁን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ከጓሮ፣ አንዴ ከስክሪኑ ድምፅ ማጉያ። ስክሪኑ ላይ ጫፉ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲወረወር ታየ።

ሲስተር ጫማቸውን በአንድ እግር እንዳጠለቁ ተነሱ። «ብርቱካን፣ ልጆቹን ይዘሽ በፊት ለፊት ውጪ። ምንም ነገር እንዳታነሺ። ከማል፣ አንተ ከእኔ ጋር።»

በመንገዱ ዞረን የግንባታው በር ደረስን። ዘበኛው ሊያግዳቸው እጁን ዘረጋ። ደረቱን ገፍተውት አለፉ፤ ያ ቀጭን ሰውነታቸው እንዴት እንደገፋው አላውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ልክ ከግንቡ ሥር፣ የቀን ሠራተኞቹ ሸራ ዘርግተው ምሳ እየበሉ ነበር። ደረጀ ቀና ብሎ ሲስተርን አያቸው። አልጠየቃቸውም። ፊታቸውን አየና ፊሽካውን ነፋ።

«ውጡ! ሁሉም ውጣ! ዕቃ ተዉ!»

ሰዎቹ በመውጫው ዳገት ላይ እየተንሸራተቱ ሮጡ። ደረጀ ከኋላቸው ነበር። ዳገቱ ላይ ደርሶ ዞር አለ። ከሸራው ሥር የሆነ ሰው እግር ይታይ ነበር፤ በልቶ እንቅልፍ የወሰደው ሠራተኛ። ደረጀ ተመለሰ። ሲስተር ስሙን ጠሩት፣ «ደረጀ!» ብለው፣ ልጅ እንደሚጠሩ። ሰውየውን ከብብቱ ሥር ይዞ ጎትቶ አስነሳውና በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፋው። ሰውየው በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ።

ግንቡ ሲወድቅ እንደጠበቅኩት አልጮኸም። ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ነው ያወጣው። ጎንበስ አለ፤ የብርቱካንን ሁለት ክፍሎች ከነጣሪያቸው አስከትሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተዘረጋ። ከዚያ ዝም አለ። ጭቃ ስለነበር አቧራ እንኳ አልተነሳም።

ደረጀን ሠራተኞቹ በእጃቸው ቆፍረው አወጡት። ሲስተር ጭቃው ላይ ተንበርክከው አንጓውን ያዙ። ዙሪያቸውን ሰው ከበበ። ጊዜው ረዘመ፤ አምቡላንስ መጥቶ ሰዎቹ ቃሬዛ ይዘው ቆመው ይጠብቋቸው ጀመር። «ሲስተር፣ ይበቃል» አልኳቸው። «ዝም በል» አሉኝ። «እየሰማሁ ነው።» የሚሰማ ነገር እንዳልነበረ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሌላ ነገር ተጀመረ። አጥሩ የወደቀው ፎርማኑ ያለ ትእዛዝ ከልክ በላይ ስላስቆፈረ ነው የሚል ወሬ ወጣ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ስለነበር ፎቁን የሚያሠራው ሰው፣ ባለ ፎቁ፣ ያንኑ በጽሑፍ አቀረበ። ሙት አይከራከርማ። የደረጀ ሚስት አስቴር ሐዘን ላይ ተቀምጣ፣ ሊያጽናናት የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኗን ሲሸሽ ታይ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ሱቄ መጣ። የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ጨዋ ነው፣ ፈገግታ አይለየውም። ካሜራዎቹን እያነሳ እየጣለ ዋጋ ጠየቀኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «የኮልፌዋ ሲስተር ቤት ያለው መቅጃ የስንት ቀን ይይዛል?» አለኝ።

«እንደ አሞላሉ ነው።»

«እስኪሞላ ነው አይደል? ከዚያ በራሱ ጊዜ ይሰርዛል።» ካሜራውን በቀስታ መደርደሪያው ላይ መለሰ። «ጥሩ ነው። ሰው ሳይነካው ራሱ ማጥፋቱ። ለማንም አያስቸግርም።» ሳይገዛ ወጣ።

የኮሚቴው ስብሰባ አንዴ ተላለፈ። ደግሞ ተላለፈ። አንድ ከሰዓት የሲስተር ግቢ መብራት ለብቻው ጠፋ፤ የጎረቤት ሁሉ በርቶ። ሄጄ ዲስኩን ከሳጥኑ ፈታሁትና አዲስ አስገባሁ። የድሮውን ሲስተር በሻሽ ጠቅልለው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ጀምሮ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ከእሳቸው ጋር ይሄድ ነበር። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በሚኒባስ መስኮት በኩል ወደ ኋላ ሲያዩ ሳያቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም እንደሚፈሩ ገባኝ።

ዲስኩ ላይ ከሽቦው ሌላ የደረጀ ድምፅ አለ። «ድጋፍ ይደረግለት ብዬ ተናግሬያለሁ» ያለው ሁሉ፣ ከዝናቡ ጠብታ ጋር፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ይህን ካሰማን አበቃ» አልኳቸው። ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስሜን አያንሱ ብሎኛል። አላነሳም ብዬዋለሁ።»

«የፈራው ሥራውን እንዳያጣ ነበር። አሁን ምን ያጣል?»

«እሱ ይወቀዋ። አፈር የለበሰን ሰው ምስጢር እኔ ልወስንበት? አይሆንም።» ቦርሳቸውን አንስተው፣ «የሚስቱ ነው» አሉ። «እሷ ትስማና ትወስን።»

አስቴር ቤት አብረን ሄድን። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። የባሏ ድምፅ ሲወጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳትተነፍስ ሰማች። «ስሜን ግን እንዳያነሱብኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሲስተር አንገታቸውን ደፉ።

አስቴር ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ፣ «በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ያን ጊዜ ነበረ?» አለች።

«የቱ ጽሑፍ?» አልኳት።

«ሲስተር በር ላይ ያለው፤ ድምፅም ይሰማል የሚለው። ከቀብሩ በኋላ ለማመስገን የመጣሁ ቀን አይቼዋለሁ።»

«ነበረ» አሉ ሲስተር።

«ደረጀ ሳያነብ የሚያልፈው ጽሑፍ የለም። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈ ጥቅስ እንኳ ቃል በቃል ነው ቤት መጥቶ የሚነግረኝ።» እንባዋ ፈሰሰ፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «አንብቦት ነው የገባው፣ ሲስተር። እየተቀዳ እንደሆነ እያወቀ ነው የተናገረው። ያሰሙላቸው።»

አሰሙ። ኮሚቴው ፊት ዲስኩን ከሻሹ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ ሽቦውን አሳየሁ፣ ወራቱን በጥቂት ደቂቃ አፍጥኜ። ከዚያ ድምፁን። ባለ ቆዳ ጃኬቱ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ድምፁ ሳያልቅ ወጣ። ኮሚቴው ፎርማኑ አደጋውን አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀና ሰው ሲያድን እንደሞተ ጽፎ ፈረመ። ለአስቴር ግልባጩ ደረሳት። ባለ ፎቁ ጉዳዩ ወደ ሕግ ተመርቶ እስከ ዛሬ ይመላለሳል፤ መሬቱ ግን በዚያው መሐል ለሌላ ሰው ተላለፈ ተባለ።

የሲስተር ቤት አልተረፈም። አጥሩ ከሄደ በኋላ የሳሎኑ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰነጠቀና እንዳይኖሩበት ተነገራቸው። ብርቱካን ዘነበ ወርቅ አካባቢ ቤት አግኝታ ወጣች። እሳቸው ሳንሱሲ፣ እህታቸው ዘንድ ገቡ። ከወራት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከስተው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፎርማኑ ወደ ተኛው ሰው ሲመለስ ስሙን ቢጠሩት ደግሞ እንደዞረ፣ ዞሮም እንዳያቸው ነገሩኝ። እኔ ይህን ሁለተኛ መዞሩን አላየሁም ነበር። «አየኝና ሄደ» አሉ። «ባልጠራው ኖሮ ይፈጥን ነበር ይሆን?»

«እዚህም ካሜራ ልስቀልልዎት?» አልኳቸው፣ ወሬ ለመቀየር።

«ለምን? እዚህ የምጠብቀው ሰው የለም። እኔን የሚጠብቁኝ ናቸው ያሉት።» እህታቸው ከጓዳ ሳቁ። ሲስተር አልሳቁም። ልነሳ ስል፣ «ጉድጓዱ ተደፈነ?» አሉኝ።

«አልተደፈነም። ውኃ ይዟል።»

«ጉድጓድ አራት ጎን ነው ያለው፣ ከማል» አሉኝ። «የወደቀው አንዱ ነው።»

ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ቀብራቸው ላይ ሰው ብዙ ነበር፤ የወጉት፣ ያዋለዱት፣ የገሰጹት ሁሉ። አስቴር ከልጆቿ ጋር መጥታ ነበር። ብርቱካን ከሁሉም በላይ አለቀሰች። እኔ ከቀብር መልስ ወደ ሱቄ መሄድ አቅቶኝ ታክሲው ኮልፌ ላይ ሲቆም ወረድኩ።

ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ቀለሙ አዲስ። በሩ ላይ የሌላ ድርጅት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውኃውን በሞተር እየሳቡ ነው፤ ኤክስካቫተሩ ተመልሷል። በሲስተር በኩል የነበረው ጎን ተደልድሏል። በማዶ ግን፣ በምዕራቡ በኩል፣ አንድ ያረጀ የብሎኬት አጥር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ዞሬ ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ሽማግሌ ተጎንብሰው ጎመን ይኮተኩታሉ። ከጀርባቸው ኤክስካቫተሩ በመታ ቁጥር የጎመኑ ቅጠል ይርገበገባል። እሳቸው ቀና አይሉም። ለምደውታል።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ፣ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ።

«ከማል እባላለሁ፣ አባባ። አያውቁኝም» አልኳቸው። «ስለ አጥርዎ ነው የመጣሁት።»